ዝም የሚባልበት ቤት

ከቤተ መጻሕፍት አባረውኛል። በልጅነቴ፣ ሰው ፊት፣ አፌን አስከፍተው፣ በአንዲት ፍሬ የባቄላ ቆሎ። በዚህ የተነሳ ማንበብ የቻልኩት ጢሜ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ይህን ሳወራ «ይኼ ሁሉ በአንድ ባቄላ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አዎ፣ በአንድ ባቄላ። ተባሮ የማያውቅ ሰው ምን ያውቃል።

ነገሩን እንደ አዲስ የቀሰቀሰብኝ ሳምቡሳ ነው። እዚሁ ሰበታ፣ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፌን ዘርግቼ ተቀምጬ ሳለ ከፊት ለፊቴ ያለች ተማሪ ከቦርሳዋ ፌስታል አወጣች፤ ፌስታሉ ኮሽ አለ፤ ከዚያ የምስርና የቃሪያ ሽታ ተነስቶ በመደርደሪያዎቹ መሀል እንደ ቤቱ ባለቤት ተንጎራደደ። አሁን አንድ ሰው መጥቶ ያስነሳታል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። የመጻሕፍቱ ኃላፊ ሌንሳ ቀና ብላ አየቻትና ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች። ልጅቷ ጎርሳ፣ አኝካ፣ ጣቷን ላሰችና በዚያው ጣት ገጹን ገለጠች። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ዓይኔ እሷ ላይ ነበር፤ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም።

ያን ጊዜ ንባብ ቤት ነበር የምንለው። ከቀበሌው አዳራሽ ጎን የተቀጠለ አንድ ክፍል ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ በናፍጣ የተወለወለ ሳንቃ፣ ግድግዳው ከወገብ በታች አረንጓዴ ከወገብ በላይ ነጭ። ጠባቂው ጋሼ አበራ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ፤ ኮቴያቸው እንዳይሰማ ሸራ ጫማ ብቻ ነው የሚያደርጉት፣ ስለዚህ መምጣታቸው የሚታወቀው ጥላቸው ገጹ ላይ ሲወድቅ ነው። በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ነበር፣ በሲባጎ የታሰረ ሳሙና ተንጠልጥሎበት፤ ታጥበህ ስትገባ እጅህን ትዘረጋለህ፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው ያሸቱታል። አዎ፣ ያሸቱታል። ሽንኩርት የሸተተ ይመለሳል፣ ቅቤ የሸተተ ይመለሳል፤ በዓል ማግስት የሰፈሩ ልጅ ግማሹ በርሜሉ ሥር ተኮልኩሎ እጁን ሲፈትግ ነበር የሚያረፍደው።

ውስጥ ግን ዝምታው! የሚያስለው ሰው መስኮት ሥር ይዛወራል፣ ያነጠሰ ተነስቶ ይቅርታ ይጠይቃል። በጅማ መንገድ የሚያልፈው የከባድ መኪና ጩኸት ሳይቀር በሩ ጋ ሲደርስ ፈርቶ የሚመለስ ይመስለኝ ነበር። እንዲናገር የተፈቀደለት ዝናብ ብቻ ነው፤ ክረምት ላይ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጋሼ አበራ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ሊቆጡት እንደማይችሉት ትልቅ ሰው ያዩታል። እኔ ያንን ዝምታ እወደው ነበር። ቤታችን ስምንት ሰው በአንድ ክፍል የሚጮህበት ቤት ነው፤ ዝም ማለት የሚባል ነገር በዓለም ላይ እንዳለ ያወቅሁት እዚያ ነው።

ማንበብ አልችልም፤ የምሄደው ለሥዕል ነበር። አንድ የመርከብ ሥዕል ያለበት ትልቅ መጽሐፍ ነበረ፣ ባሕር አይቼ ስለማላውቅ መርከቡ ሜዳ ላይ የቆመ ነው የሚመስለኝ። ትምህርት ቤት ያልገባነውን ደግሞ ጋሼ አበራ ቅዳሜ ጠዋት ጥግ ላይ ሰብስበው ፊደል ያስቆጥሩናል፤ በሹክሹክታ። ሌላው ልጅ ሀ ሁን እየጮኸ ሲማር እኛ እንደ ወሬ አቀባይ በጆሮ ነበር የምንቀባበለው። ፊደሉን እስከ ሐ ደርሼ ነበር።

የዚያን ቅዳሜ ቁርስ ሳልበላ ነው የወጣሁት። እናቴ የቆላችው ባቄላ ኪሴ ውስጥ አለ። ረሃቡ ሲጠናብኝ አንዷን ፍሬ ሰርቄ አፌ ውስጥ ከተትኩ። አላኘክኋትም! ይህ ይታወቅልኝ። እንደ ከረሜላ ጉንጬ ሥር ወትፌ፣ እስክትርስ እየጠበቅሁ ነበር። ባቄላ ግን በቶሎ አይርስም። መርከቤ ላይ እንዳጎነበስኩ ድንገት ጥላ ገጹ ላይ ወደቀ፤ ደነገጥሁ፤ ጥርሴ ገጠመ። ቀጭ!

ከዚያ ወዲህ ድንጋይ በፈንጂ ሲፈነዳ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች ባቄላ የጮኸ ነገር ግን አላጋጠመኝም። ሰው ሁሉ ቀና አለ።

«ማነው?» አሉ ጋሼ አበራ።

«አፍ ክፈቱ!»

ጠረጴዛውን የከበብነው ልጆች በሙሉ እንደ ወፍ ጫጩት አፋችንን ከፈትን። እያንዳንዳችንን ጎንበስ እያሉ አዩ። እኔ ጋ ሲደርሱ ባቄላዋ ለሁለት ተሰንጥቃ ምላሴ ላይ ተጋድማለች።

«ይኼ የሚታኘክበት ቤት ነው? ማኘክ ካማረህ ሂድና ከከብቶቹ ጋ አኝክ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔን የቆረጠኝ ስድቡ አይደለም፤ ከስድብ ጋር ነው ያደግሁት። ሳል የማይፈቅዱት ሰውዬ ያን ቀን ለሳቅ ፈቀዱ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ሁሉም ስቆ እስኪበቃው ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ጆሮዬን ይዘው እስከ በርሜሉ ሸኙኝና «ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ» አሉኝ። አላዩኝም።

በመስከረም ትምህርት ቤት ልገባ ነበር። አልገባሁም። እናቴ ለመነችኝ፣ ገረፈችኝ፣ የጎረቤት ሽማግሌ አመጣችብኝ፤ እኔ እንደሆን ጠረጴዛና ወረቀት ያለበት ቤት ሁሉ አፍህን ክፈት የሚለኝ መስሎኝ ደጃፉ ላይ ስደርስ እሮጣለሁ። በመጨረሻ ታከታትና ተፍኪ አጎቴ ጋ ላከችኝ፤ እህል ጫኝ ሆንኩ። ሐ ላይ እንደቆምኩ ጎረመስኩ፣ ሐ ላይ እንደቆምኩ አገባሁ፣ ሐ ላይ እንደቆምኩ ልጄን ትምህርት ቤት አስገብቼ የአባት ፊርማ ሲሉኝ አውራ ጣቴን ቀለም ነከርኩ።

ማንበብን የሰጠኝ ቡራዩ ነው፣ እሱም ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ። ጴጥሮስ የሚባል ከወላይታ የመጣ ጴንጤ አብሮኝ ይሠራ ነበር፤ አሸዋ ሲያቦካ ይዘምራል፣ ሲያርፍ መጽሐፍ ቅዱሱን ያወጣል። አንድ ቀን ከጎኑ ቁጭ ብዬ ፊደሎቹን ሳፈጥባቸው አየኝና ምንም ሳይጠይቀኝ ጣቱን መስመሩ ላይ አደረገልኝ። ከዚያ ወዲህ ምሳ ሰዓታችን ትምህርት ቤት ሆነ። የብሎኬቱ ማሽን ለምሳ አይቆምም፣ ተረኞቹ ያሠሩታል፤ ስለዚህ ጴጥሮስ ፊደሉን በጩኸት ይጠራል፣ እኔም በጩኸት እመልሳለሁ።

«ጩኽ እንጂ ቱሌ! ካልጮህክ ልክ ይሁን ስህተት በምን አውቃለሁ?»

በአንድ እጄ ዳቦ፣ በአንድ እጄ መጽሐፍ፣ ጉንጬ ሙሉ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ እየጮህኩ ነው ያነበብኩት። ፍርፋሪው መዝሙረ ዳዊት ላይ ሲራገፍ ጴጥሮስ እፍ ይልልኝና «ዳዊትም እረኛ ነበር፣ አይቆጣም» ይላል። ጋሼ አበራ ቢያዩን ኖሮ እዚያው በደም ግፊት ይሞቱ ነበር።

ስለዚህ ለእኔ ንባብ ጉሮሮ ነው። ድምፄን ካልሰማሁት ፊደሉ ፊደል ሆኖ ይቀራል፣ ቃል አይሆንልኝም። ከንፈሩን ገጥሞ መጽሐፍ ላይ ያፈጠጠ ሰው ሳይ ሥዕል እያየ ነው እላለሁ።

ጉልበቴ ሲከዳኝ ሰበታ ተመለስኩ። ንባብ ቤቱ ፈርሷል፤ ቦታው ላይ ሞባይል ይሸጣል። የከተማው አዲስ ቤተ መጻሕፍት መከፈቱን ሰምቼ የሄድኩ ቀን መጀመሪያ ቧንቧ ፈልጌ እጄን ታጠብኩ፣ ከዚያ ገብቼ ሌንሳ ፊት እጄን ዘረጋሁ። እሷ «አካም ጅርቱ ኦቦ» ብላ ጨበጠችኝ። ልታሸተው አላሰበችም።

እንዲህ ስቀመጥ ስነሳ ከርሜ ነው ያ ሳምቡሳ የመጣው። አንዴ ዓይኔ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ሁሉም ታየኝ። ቺፕስ በሚጥሚጣ፣ ኬክ፣ ከጆሮ ማዳመጫ እየሾለከ የሚንጫጫ ዘፈን። አንዱ ጎረምሳ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ላይብረሪ ነኝ አልኩህ እኮ፣ ማውራት አልችልም!» እያለ ተፍኪ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ያወራል። እኔ በጆሮዬ ተጎትቼ የከፈልኩበትን ሕግ እነዚህ እንደ ቀልድ ረገጡት። ተነስቼ ሌንሳ ጋ ሄድኩ።

«ይኼ ቤተ መጻሕፍት ነው ምግብ ቤት?»

«ኦቦ ቱሉ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ ተማሪዎች እኮ ናቸው። ፈተና ደርሶባቸው ከጠዋት እስከ ማታ ነው የሚውሉት። ርቧቸው እንዴት ያጥኑ?»

«እኔስ ርቦኝ አልነበር!»

ምን እንደምል አልገባትም። እንዴት ይገባታል? ፎቅ ላይ ወዳለው የዋናው ኃላፊ ቢሮ ወጣሁ፣ ሕግ ይውጣ አልኩ። በሳምንቱም ወጣሁ። በሌላው ሳምንትም። ሰውዬው በደረጃው ስወጣ ኮቴዬን ሲሰማ ብዕሩን እያስቀመጠ በረዥሙ መተንፈስ ጀመረ።

ተማሪዎቹ ደረሱበት። አንድ ቀን ከፎቅ ስወርድ ባለ ሳምቡሳዋ፣ ሜሮን ትባላለች፣ ደረጃው ሥር ቆማ ጠበቀችኝ። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«አባባ፣ የእኔ ሳምቡሳ ምን ድምፅ አለው?» አለችኝ። «በእርስዎ ንባብ ግን አንድ መስመር እየደጋገምኩ እውላለሁ። እኔ ፊዚክስ ላነብ እመጣለሁ፣ እርስዎ የሚያነቡትን ሰምቼ እሄዳለሁ።»

«እኔ? እኔ ምን አደረግሁ?»

«ፋዘር፣ ቮሊውም!» አለ ከኋላ ያ ባለ ስልኩ። «ቮሊውሙን!»

ሳቁ። አሁንም ሳቁ፣ ከዚያኛው ሳቅ ጋር ግን አንድ አልነበረም፤ ሜሮን አልሳቀችም። ድምፄ ከራሴ ጆሮ አልፎ የሚሄድ አይመስለኝም ነበር። ማሽን በሌለበት ቤት እኔ ራሴ ማሽኑ እንደሆንኩ ማን ነገረኝ?

ሌንሳ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። እነዚህ ልጆች ስለ እኔ ስንት ጊዜ እንዳመለከቱ፣ እሷ ደግሞ «ተዉዋቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው» እያለች ስትመልሳቸው እንደከረመች በቀስታ ነገረችኝ። ከስድብ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። በመብቴ የተቀመጥኩ መስሎኝ ለካ እንደ ሳምቡሳው በቸልታ ታልፌ ነው።

«ሕጉን ይተዉት ኦቦ ቱሉ» አለችኝ። «እርስዎም ያንብቡ፣ እነሱም ይብሉ። ተቻችለን ከርመናል። ሕግ ከወጣ እኔ ለማንም ማዳላት አልችልም።»

«አታዳዪ!»

«ለእርስዎም ጭምር ነው የምልዎ።»

«ለእኔም ጭምር!» አልኳት። ድምፄ ቤቱን ሞላው።

ሰው ቤቱ ገብቶ ሌሊቱን አስቦበት ቃሉን ይመልሳል። እኔ አልመለስኩም። እልህ ነው በሉት። የጋሼ አበራ ቤት ተመልሶ እንዲቆም ፈለግሁ፤ ያባረረኝ ቤት፣ ግን እንደሱ ያለ ቤት ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ኃላፊውም ከእኔም ከተማሪዎቹም ለመገላገል ፈረመው።

ወረቀቱ በሩ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ቆሜ አነበብኩት፣ በሙሉ ድምፄ፣ ደጅ ነኝና ማን ይከለክለኛል። «ምግብ ይዞ መግባት፣ በስልክ መነጋገር፣ ድምፅ አሰምቶ ማንበብ ክልክል ነው።» ጥሩ አማርኛ ነው፣ አንድም ቦታ አልተደናቀፍኩም። ገባሁ።

ውስጥ ዝም ብሏል። ያ ዝምታ ነው፣ ራሱ። ስልኮቹ ተገልብጠው ተኝተዋል፣ ፌስታል አይንኮሻኮሽም፣ የወረቀት መገለጥ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ ይሰማል። የሜሮን ሆድ ሲጮህ ሰማሁ፤ እሷም መስማቴን አየች፤ ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን። ዕድሜ ልኬን የናፈቅሁት ነገር ይኸው ተሰጠኝ፣ በእጄ ያመጣሁት፣ እንደ ልጅነቴ ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። መጽሐፌን ገለጥኩ።

ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ። ሌንሳ ቀና አለች፤ አልተቆጣችም፣ አየችኝ ብቻ። ከንፈሬን ገጠምኩ። መስመሩን በጣቴ ተከተልኩት፣ እስከ ጫፉ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ተደርድረው ቆመዋል፣ አንዱ ከሌላው ጋር አይነጋገርም። ሌላ ገጽ ገለጥኩ። እዚያም እንደዚያው። ዙሪያዬን አየሁ፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ፣ አፉን ገጥሞ፣ የሆነ ቦታ ሄዷል፤ እኔ ብቻ ወንበሬ ላይ ቀርቻለሁ።

ጥቂት ተቀመጥኩ፣ ቶሎ ብነሳ ደስ ይላቸው ይሆናል ብዬ። ከዚያ መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው መለስኩ፣ ወንበሩን ሳላንቋቋው አነሳሁና ወደ ቦታው አስጠጋሁ፣ ወጣሁ። ማንም አላባረረኝም።

ነገሩ በዚህ አለቀ፤ ቀኑ ሰኞ፣ የካቲት ሦስት ነበር።