ኡም ሲድቂ ክፍል ሲገቡ

ኡም ሲድቂ በግብፅ፣ በረሺድ ከተማ ገበያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍራፍሬ ሲሸጡ፣ ድምፃቸው ከዓባይ ማዶ ይሰማል ይባልላቸው ነበር። ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው ጋሪውን ለልጃቸው ለሲድቂ አስረከቡና በሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት ምግብ አብሳይ ሆነው ገቡ።

መምህርቷ ነርሚን ገና ወጣት ናት። ልጆቹ ፊደሉን በዜማ ከዳር እስከ ዳር ይወርዱታል፤ ከመካከል አንዱን ነጥላ ስትጠቁም ግን ጣራ ጣራ ያያሉ። የአምስት ዓመቷ ሽሩቅማ ጭራሽ አፏንም አትከፍትም። አባቷ እንኳ «የኔዋ ዘገምተኛ ናት» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ኡም ሲድቂ ሩዙን እየጨለፉ፣ «ሙዝ የሚፈልግ!» ብለው በዚያ በገበያ ድምፃቸው ተጣሩ።

ሽሩቅ ሳህኗን እንደያዘች ፍርፍር ብላ ሳቀች። «እማማ፣ ሩዝ እኮ ነው!»

«ታዲያ እኔ ምን አልኩ?»

«ሙዝ!»

«ምኑ ላይ ነው የሳትኩት?»

ልጅቷ ከንፈሯን ገጠመች፤ «ምምም…»። ቀጥላ ምላሷን አርገበገበች፤ «ርርር… መጀመሪያው ላይ!»

«አቤት ጆሮ! ይቺን ነው ዘገምተኛ የሚሏት?»

ነርሚን በሩ ላይ ቆማ ሰምታ ኖሮ በማግስቱ ማለዳ ወጥ ቤት መጣች።

«ኡም ሲድቂ፣ ክፍል ይግቡልኝ።»

«እኔ? አሊፍን ከበቆሎ እሸት የማልለየው?»

«ፊደሉን ለኔ ይተዉት። እርስዎ ድምፁን ያምጡልን።»

ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ገበያ ሆነ። «ስሙ በስስስ የሚጀምር ይነሳ!» ብለው ኡም ሲድቂ ሲጣሩ ሳሚና ሱሃ እየተጋፉ ይነሳሉ። ስማቸውን «ሳ–ሚ» እያሉ በጭብጨባ ይከፋፍላሉ። ድምፁን ጆሯቸው ሲለምደው ነርሚን ፊደሉን ትጽፍላቸዋለች። ሦስት ወር ሳይሞላ ሽሩቅ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን «ሙዝ» የሚል ቃል አገጣጥማ ብቻዋን አነበበች። አባቷ አላምን ብሎ መጣ፤ ደግማ አነበበችለት።

«ለካ ዘገምተኛው እኔ ነኝ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ እየሳቀ።

ኡም ሲድቂን ግን ሌላ ነገር ከነከናቸው። ሰሌዳው ፊት ቆመው፣ «ያን ሁሉ ዘመን ስጮኸው የኖርኩት ቃል መልኩ ይሄ ነው?» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዕቃ አጥበው ሲጨርሱ በትንሿ ወንበር ላይ ከሽሩቅ ጎን ይቀመጣሉ። ቃል ላይ ሲሰናከሉ ልጅቷ ልትነግራቸው ትቸኩላለች።

«ዝም በይ አንቺ! ራሴ ልድረስበት» ይሏታል፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ሳያነሱ።