ሊማሊሞን ተቀምጦ መውጣት

መኪናዬ ቆማ ስትታይ ታስፈራለች። ከመሬት ከፍ ያለች፣ አፍንጫዋ ሰፊ፣ ጣሪያዋ ላይ የብረት ፖርቶመጋላ የተሸከመች ናት። ዳባት ገበያ ዳር ሳቆማት ገበሬው የመንግሥት ሰው የመጣ መስሎት በቅሎውን ገለል ያደርግላታል። ጉዷ የሚገለጠው ዳገት ላይ ነው። ከኮፈኑ ሥር ያለው ሞተር ለትንሽ የከተማ መኪና የተሠራ ነው፤ አንድ ብልጥ ፋብሪካ የዝሆን ቆዳ ሰፍቶ ውስጡ ፍየል አስገብቶበታል። እኔም ገዛኋት፤ እንደ አብዛኛው ያገሬ ሰው መኪና የምመርጠው በቁመቱ ነውና። መሪም የምንመርጠው እንደዚያው ይመስለኛል፤ ግን እሱን ለሌላ ቀን እንተወው።

ባለፈው ዓመት ይህች መኪና አማቴን ሊማሊሞ ላይ አስወረደቻቸው። አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ከደባርቅ ወደ ሰሜን ቁልቁል የሚወርደውን ያንን ጥምዝምዝ መንገድ፣ አስፋልት ሳይለብስ፣ ገና ጠጠር ሳለ፣ ተሳቢ እየጎተቱ ሲመላለሱበት የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ ከቆላ ይዣቸው ስመለስ ግን መኪናዋ እጥፋት ላይ አቃሰተች፣ አንደኛ ማርሽ ገባች፣ ቆመች። ባለቤቴና እሳቸው ወረዱ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ በከዘራ ዳገቱን ሲወጡ አንድ የጭነት መኪና አጠገባቸው ዘገም አለ፤ ሹፌሩም አንገቱን በመስኮት ብቅ አደረገ።

«አባባ፣ እርስዎም ሊማሊሞን በእግር ጀመሩት?»

አማቴ ከዘራቸውን ጠበቅ አድርገው ዳገቱን ቀጠሉ። ቤት ደርሰን ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ ካስደገፉ በኋላ፣ «ይህን ዳገት ተቀምጬ ካልሆነ አልወጣውም፤ ሁለተኛ አላደርገውም» አሉ። ያን ቀን ራታቸውን ሳይበሉ ተኙ።

ዘንድሮ የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው ሙት ዓመት ደረሰ። ሟቹ ከአማቴ ጋር እየተፈራረቁ አንዲት መኪና ለብዙ ዘመን የነዱ ሰው ናቸው። ቤታቸው ከሊማሊሞ ግርጌ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ መንደር ውስጥ ነው፤ አውቶቡስ አይደርስበትም። አማቴ ከዚያ ተዝካር መቅረት አይችሉም። በእኔ መኪና ሄደው ዳገቱን በእግራቸው መመለስም አይችሉም።

ባለቤቴ ነገሩን ቋጨችው። «አባዬን ታደርሰዋለህ። ሲመለስም ተቀምጦ ይወጣል።»

«መኪናዋ እምቢ ካለችስ?»

«ታዝለዋለህ።»

ሦስት ሳምንት ነበረኝ። ሰው ሲጨንቀው ስለት ይሳላል፤ እኔ አነባለሁ። አንብቤም አንድ ነገር ደረስኩበት፤ የደባርቅ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህን ግኝቴን ይዤ ጋራዥ ሄድኩና መኪናዬ ሥር ለተጋደመው መካኒክ አብራራሁለት። እግሩ ብቻ ነበር የሚታየው።

«ገባህ?» አልኩት ስጨርስ።

«ገብቶኛል ጋሼ። ዳገቱን በየቀኑ የሚወጣው አውቶቡስ ታዲያ የማንን አየር ነው የሚስበው?»

መልሴን ሳይጠብቅ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ የአየር ማጣሪያውን ፈታና አራገፈው። የወረደው አፈር አንድ መደብ ነጭ ሽንኩርት ያበቅላል። ካንዴላዎቹን ቀየረ፤ አሮጌዎቹ የተቃጠለ ባቄላ መስለው ነበር። ከዚያ ጎማዎቹን በጫማው መታ መታ አደረጋቸው።

«እነዚህ ለምን ለሰለሱ?»

«ሆን ብዬ ነው። ሲለሰልሱ ይመቻሉ።»

«ለእርስዎ ይመቻሉ። እሷ ጭቃ ለጭቃ የምትሄድ ነው የሚመስላት። ነዳጁንም የሚጨርስብዎት ይኸው ነው።»

ነፋስ ሞላልኝ፤ መኪናዋም በእርግጥ ትንሽ ተሻላት። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ነገር ግን የተሻለውን ነገር ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመካኒክ ጫማ መሆኑ ቆጨኝ። ስለዚህ ዳባት ወርጄ ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ ቤንዚን ላይ የሚጨመር መድኃኒት ገዛሁ። ጠርሙሱ ላይ አንበሳ ተስሎበታል፤ ጉልበት እንደሚጨምርና ነዳጅ እንደሚቆጥብ በሦስት ቋንቋ ይምላል። ጨመርኩበት። መኪናዋ ለሁለት ቀን የጥፍር ቀለም ሸተተች።

ቀጥሎ የጭስ ማውጫው ሰፋ ቢል ሞተሩ እንደሚተነፍስ አነበብኩ። መካኒኩ የድምፅ ማፈኛውን ማርሚታ አልቆርጥም ብሎ ትንሽ ተከራከረኝ፤ ኋላ ግን የሚሆነውን ለማየት ጓጓ መሰለኝ፣ ቆረጠው። በማግስቱ ገበያ መሀል ሳልፍ አህዮች ከነጭነታቸው ተበተኑ። የመኪናዋ ድምፅ ሦስት እጥፍ ጨመረ፤ ፍጥነቷ እንደነበረ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር በስብሰባ እንጂ በመኪና አይቼ አላውቅም ነበር። ማርሚታው ተመልሶ ተበየደ።

የመጨረሻው ዘዴዬ ፎሌ ነበር። ቁልቁለት ሲገኝ ማርሹን ፈትቶ መኪናዋን ዝም ብሎ መልቀቅ ማለት ነው። ከደባርቅ ወደ ዳባት ስሄድ ቁልቁለት ባገኘሁ ቁጥር በፎሌ ተንሸራተትኩ፤ ነዳጅ የቆጠብኩ መሰለኝና ራት ላይ ለአማቴ አወራሁላቸው።

ጉርሻቸውን አላምጠው እስኪውጡ አቆዩኝ። «በፎሌ የሚወርዱ ብዙ ጓደኞች ነበሩኝ» አሉ፤ ከዚያም ወጥ ጨመሩ።

ኋላ ባነብ፣ እንደኔ ያለው ሞተር ቁልቁለት ላይ ማርሽ ውስጥ እያለ ነዳጅ እንደማይወስድ ተጽፏል። በፎሌ ግን ይወስዳል። እሳቸው ሳያነቡ ማወቃቸውን ይቅር ለማለት ጥቂት ቀን ወሰደብኝ።

የጉዞው ቀን ጠዋት አማቴ ጋቢያቸውን ለብሰው ቀድመው ግቢ ቆሙ። መኪናዋን በሬ እንደሚገዛ ሰው ዞሯት።

«ኋላዋ ለምን ተቀመጠ?»

«ተፈጥሮዋ ነው።»

«ተፈጥሮ አትበለኝ። ክፈተው።»

ከፈትኩት። ከላይ ሦስት ካርቶን መጽሐፍ አለ፤ ለዳባት ተማሪ ቤት እሰጣለሁ ብዬ ቃል ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። አማቴ አንዱን አንስተው አገላበጡት።

«ይህን ሁሉ አንብበህ ነው የኋላ በር መክፈት ያቃተህ?»

ከካርቶኑ ሥር የባለቤቴ አክስት የሰጡን ግማሽ ጆንያ ነጭ ሽንኩርት ነበር፤ በቅሏል። ከሽንኩርቱ ሥር ድንጋይ። ጎማ ማስደገፊያ የሚሆን፣ ጠርዝ ያለው፣ ደህና ደህና ድንጋይ። ባለቤቴ አንድ በአንድ እያወጣች ቆጠረች። አሥራ ዘጠኝ።

የነገሩ መነሻ አማቴ ራሳቸው ናቸው። ዳገት ላይ መኪና ሲቆም አንድ ሰው ዘሎ ይወርድና ከጎማው ኋላ ድንጋይ ያስደግፋል። መኪናው ሲነሣ ድንጋዩን አስፋልቱ ላይ ትቶ መሄድ ነውር ነው፤ የሚከተለው ሰው ይገለበጥበታል። ወደ ገደሉ መወርወርም ነውር ነው፤ ከታች ሰውና ከብት አለ። አማቴ ልጆቻቸውን ሁሉ ያሳደጉት በዚህ ሕግ ነው። መኪናዬ በቆመች ቁጥር ከቤተሰቡ አንዱ ይወርዳል፣ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ይፈልጋል፣ ስትነሣ ድንጋዩን በኋላው በር ወደ ውስጥ ይወረውርና እየሮጠ ይሳፈራል። የፊተኛው ድንጋይ ጭነት ሥር ስለሆነ ማንም አያስታውሰውም። በከበደች ቁጥር ትቆማለች፤ በቆመች ቁጥር ትከብዳለች።

«አባዬ፣ ሕጉ የማን ነው?» አለች ባለቤቴ አሥራ ዘጠነኛውን እያስቀመጠች።

«ሕጉ ትክክል ነው» አሉ አማቴ፤ ወደ ሌላ በኩል ዞረው።

አንድ ድንጋይ ብቻ መልሰን ጫንን። ፖርቶመጋላውንም አስፈቱኝ፤ ከገዛኋት ጀምሮ ምንም ጭኜበት አላውቅም፣ ለግርማ ሞገስ ነበር። መኪናዋ ያለ እሱ ራሷን የተላጨች መሰለች። ግን ከግቢው ስንወጣ ፍሪሲዮኑን ገና ለቀቅ ሳደርገው ቀድማኝ ሄደች። ሊማሊሞን በሁለተኛ ማርሽ ወረድን። አማቴ አንድም ጊዜ እግራቸውን በሌለ ፍሬን ላይ አልረገጡም፤ እሳቸው ሰው የሚያመሰግኑት እንዲህ ነው።

ተዝካሩ በወጉ ተበላ። መከራው የመጣው ሽኝት ላይ ነው። በእኛ አገር መኪና ባዶውን አይሸኝም። የሟቹ ባለቤት አንድ ጆንያ ማሽላ አስጎትተው ከኋላው በር አጠገብ አቆሙ። እኔ ስለ ክብደት ማስረዳት ስጀምር አማቴ ገላመጡኝ።

«ጫን።»

ጫንኩ። ሁለት ቄሶችም ደባርቅ ድረስ አድርሱን አሉ። ከሁለቱ አንዱ ሰውነታቸው ጾም መጾማቸውን የሚመሰክርላቸው ዓይነት አልነበረም። ባለቤቴ ከኋላ በሁለቱ መካከል ተጨናንቃ ተቀመጠች፣ አማቴ ከፊት ከጎኔ ሆኑ፣ ዳገቱን ጀመርን።

እስከ እኩሌታው እንደ ሰው መኪና ወጣች። ያንኑ የዓምናውን እጥፋት ስትደርስ አቃሰተች። አንደኛ አስገባሁ። ተንቀጠቀጠች፣ ቆመች። ባለቤቴ በቄሱ ላይ ተሻግራ ወረደችና ድንጋዩን አስደገፈች። ወፍራሙ ቄስ ቀስ ብለው አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ።

መኪናው ውስጥ ሁሉም ሰው በልቡ ክብደት ሲመዝን ይታወቀኛል። የሙት ዓመት ማሽላ መንገድ ላይ አይጣልም። ቄስ ውረድ አይባልም። አማቴ እጃቸውን ወደ በሩ ሰደዱ።

«አባዬ፣ ቁጭ በል» አለች ባለቤቴ በመስኮቱ በኩል። ከዚያ እኔን አየችኝ። አማቴም ዞሩ፤ ጭነት በዓይን ሲመዝን እንደኖረ ሰው ከሆዴ ጀምረው እስከ ጫማዬ ወረዱ።

«አንተ አንድ ኩንታል ትሞላለህ?»

«ኧረ አልሞላም።»

«ይሞላል» አለች ባለቤቴ።

«ውረድ» አሉ አማቴ።

«ማን ይነዳል?» አልኩ። ከአፌ እንደወጣ ሞኝነቴ ታወቀኝ። አማቴ ከዘራቸውን ወደ ኋላ አቀብለዋል፤ ጋቢያቸውንም ትከሻቸው ላይ እያጣፉ ነው። «ጉልበትዎስ?» አልኳቸው።

«የደከመው ለመራመድ ነው። ፍሪሲዮን ለመርገጥ አይደለም።»

ወረድኩ። ባለቤቴ ተመልሳ ቦታዋን ያዘች። አማቴ ሞተሩን ትንሽ አዳመጡት፣ እግራቸውንም ከፍሪሲዮኑ ላይ፣ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን አልጋ ላይ እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ ብለው አነሡት። መኪናዋ ምንም ሳትንቀጠቀጥ ተነሣች። እኔ ሁልጊዜ የምቆርጠውን እጥፋት እሳቸው ወደ ውጭ፣ ዳገቱ ላላ ወዳለበት ሰፋ አድርገው ዞሩት። ከመስኮቱ አንድ እጅ ወጣ።

«ድንጋዩን አንሣ።»

አነሣሁት። ታቅፌው ዳገቱን ጀመርኩ። ሁለት እጥፋት ያህል እንደሄድኩ አንድ የጭነት መኪና አጠገቤ ዘገም አለ።

«ጋሼ፣ ድንጋዩ ስለት ነው?»

«ሕግ ነው» አልኩት፤ ትንፋሽ ያጠረኝ በስሱ አየር ነው።

አፋፉ ላይ ሞተር አጥፍተው ጠበቁኝ። አማቴ መሪውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ናቸው። ቄሱ ወርደው ወገባቸውን እያፍታቱ፣ «እንዴት ያለች ብርቱ መኪና ናት» አሉኝ።

«ነዳጅም ቆጣቢ ናት» አሉ አማቴ ወደ ፊት እያዩ።

የኋላውን በር ከፍቼ ድንጋዩን ከማሽላው ጎን ላስቀምጥ ስል ዓይናቸውን በስፔኪዮው ውስጥ አየሁት።

«እሱንም ልትጭነው ነው?»

ድንጋዩን ከመንገዱ ዳር ካለው ግንብ ሥር አስቀመጥኩት። ከዚያ ወደ ሹፌሩ በር ሄጄ ቆምኩ። አማቴ አልተነቃነቁም፤ ቁልፉን አዙረው ሞተሩን አስነሡ። በወዲያኛው በር ዞሬ ገባሁ።