ጫማ አይቼ የደረስኩበት መርዶ

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ፣ ሲያትል ሴንትራል ዲስትሪክት ከታደሰ ጋር አፓርታማ ተጋርተን ስንኖር፣ አንድ የድሮ የእንግሊዝ ተከታታይ ፊልም ለክፎኝ ነበር። ሁለት ወፈፌ መርማሪዎች ናቸው፤ ሴትየዋ የሰው ጫማ አይታ ነፍሰ ገዳይ ትይዛለች። እኔም የሰው ጫማ ማጥናት ጀመርኩላችሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በቪዲዮ የቀዳሁትን ክፍል እያየሁ በር ተንኳኳ። ጋሽ መኮንን፣ እትዬ ብርሃኔና ሌሎች የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ናቸው።

"ኮል ሳታደርጉ? ምነው በደህና?" ብላቸው ገብተው ተቀመጡ።

ወዲያው ጫማ አየሁ። ቅዳሜ ከሆቴል ሥራቸው ቀርተው የማያውቁት እትዬ ብርሃኔ የእሁድ ጫማቸውን አድርገዋል። ከካፖርታቸው ስር ነጠላ ብቅ ብሏል። ዞር ስል የስልካችን ገመድ ከግድግዳው ተነቅሏል።

ሶ፣ ገባኝ። መርዶ ነው! የታደሰ እናት ደሴ ታመው እንደነበር አውቃለሁ። ጋሽ መኮንንን ወደ ኪችን ወሰድ አደረግኋቸውና፣ "የታደሰ እናት ናቸው አይደል?" አልኳቸው በሹክሹክታ።

ደንግጠው አዩኝ። "ተቀመጥ ልጄ" ብቻ አሉኝ።

በቃ፣ ልክ ነኝ! ታደሰ ከመኝታ ቤቱ ሲወጣ ሮጬ ከጎኑ ተቀመጥኩና፣ ሲነግሩት ራሱን እንዳይጎዳ ክንዱን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት።

ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ታደሰ ግን ገና ምንም ሳይባል እንባው ዱብ ዱብ አለ። እንዴት ቀድሞ አወቀ ብዬ ስገረም፣ ወደ እኔ ዞረ።

"ስልኩን የነቀልኩት እኔ ነኝ" አለኝ። "ሰው ደውሎ ድንገት እንዳይነግርህ ብዬ።"