የጋሽ ሲሚንቶ ድልድይ

አማቴን ከተማው ሁሉ «ጋሽ ሲሚንቶ» ነው የሚላቸው። ግንበኛ ናቸው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው በጎልማሳነታቸው አሮጌውን የድንጋይ ድልድይ የጠገኑ ጊዜ ነው። ድልድዩ ለእሳቸው የበኩር ልጅ ነው፤ እኔ ልጃቸውን አግብቼም ገና እንግዳ ነኝ።

ድልድዩ ሦስት ቅስት አለው። የቅስቱ ድንጋዮች ከታች ጠበብ፣ ከላይ ሰፋ ተደርገው ስለተጠረቡ ሸክም ሲያርፍባቸው አንዱ ሌላውን አጥብቆ ይይዛል። ከቅስቱ በላይ በግራና ቀኝ ግንብ መካከል ያለው በአፈርና በጠጠር ተሞልቷል። የጥንቶቹ ግንበኞች ድንጋዩን በኖራ አያይዘው፣ የገባው ዝናብ እንዲወጣ ግንቡ ላይ ቀዳዳ ትተዋል። አማቴ ግን የሚያንጠባጥብ ግንብ ሲያዩ ደማቸው ይፈላል። ኖራውን ፍቀው መጋጠሚያውንም ቀዳዳውንም በሲሚንቶ ጥርቅም አደረጉት። ጠብታ ቆመ፤ ከተማው አጨበጨበ።

ውሃው ግን መግባቱን አልተወም። መውጫ ሲያጣ ግንቡን ከውስጥ ገፋው፣ ዘንድሮ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ታየ።

ጥገናው የተሰጠው ለባለቤቴ ነው፤ ሙያውን የተማረችው ከአባቷ ነው። የአባቷን ሲሚንቶ መሰርሰር እንዳለባት ወዲያው ገብቷታል። አንጀቷ እምቢ አላት። ከክረምት በፊት ቀዳዳው ካልተከፈተ ግንቡ ይናዳል፤ እሷ ግን መከለያውን እየነካካች፣ ሣር እየነቀለች ቀን ትገፋለች።

«ንገሪያቸው እንጂ» አልኳት።

«አንተ ንገረዋ፣ ጀግናው!»

እኔማ ጎንበስ ብዬ ሣሩን አብሬያት ነቀልኩ።

አንድ ጠዋት አማቴ እንደ ልማዳቸው ሥራውን ሊያዩ መጡ። ያበጠውን ግንብ በመዳፋቸው ዳበሱት። ከሲሚንቶው በላይ ያለው ድንጋይ ላብ አውጥቷል። ድሮ የደፈኑትን ቀዳዳ በጣታቸው ፈልገው አገኙት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አሏት።

«መጀመሪያ ያየሁት ቀን።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«አንተን ነዋ፣ አባዬ።»

መሮና መዶሻዋን ተቀበሏት። የመጀመሪያውን ቀዳዳ ራሳቸው ከፈቱት። ድፍርስ ውሃ ቡልቅ ብሎ ሱሪያቸውን አራሰው፤ አልሸሹም። እኔ እንባዬ መጣ፣ አላፍርበትም።

አንድ ጋሪ ነጂ ከላይ አንገቱን አስግጎ «ጋሽ ሲሚንቶ! ምን ተገኘ?» አለ።

«የኔ ስህተት!» አሉት፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ።

ከዚያ መዶሻውን ለልጃቸው መለሱላትና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«የቀረውን አንቺ ክፈቺው» አሏት። «እኔ ኖራ አቦካልሻለሁ።»