አራት ሰዓት በየብስ ላይ

ሳቢር ነጌሌ ቦረና ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው። ከነጌሌ ዋደራ፣ ከነጌሌ የዳዋን ወንዝ ተሻግሮ አሬሮ፣ መንገዱን ጉድጓድ በጉድጓድ ያውቀዋል። በከተማችን በፈሪነት የሚያውቀው የለም። ሽፍታ በበዛበት ዘመን ጫካ ውስጥ ብቻውን አድሯል፤ ፍሬን እምቢ ባላት ኤንትሬ መኪና ቁልቁለት ወርዷል። ይህን ታሪክ የነገረኝ ራሱ ነው። ሲነግረኝ ግን ፊቴን አያይም ነበር።

ልጁ ካውሰር ቪየና ከተማ ነርስ ናት። በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ሊጠይቃት ሄደ። በሳምንቱ ሻንጣ አዘጋጅታ በባቡር ፓሳው ወደምትባል የጀርመን ከተማ ወሰደችው፤ ለምን እንደሚሄዱ አልነገረችውም። ከጣቢያው ወጥተው ጥቂት እንደተራመዱ ወንዝ ዳር አቆመችው። እንደ መጋዘን የረዘመ ነጭ መርከብ ተገትሯል።

«አባ፣ ይኼ ለአንቱ ነው» አለችው። «በዳኑብ ወንዝ ላይ አምስት ቀን እንሄዳለን። ምግቡም መኝታውም እዚያው ውስጥ ነው። ዓመት ሙሉ ተጨማሪ ፈረቃ የገባሁት ለዚህ ነው።»

ሳቢር ከወንዙ ዳር ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። የልጁን ፊት ሲያይ ግን «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም።

በጥቅምት 1990፣ አገር ምድሩን ውሃ በበላበት ዝናብ፣ ዳዋ ሞልቶ ኤንትሬዋን ከነጭነቷ ወስዷት ነበር። አብሮት የነበረው ሾፌር፣ የልጅነት ጓደኛው ዱጋሳ፣ ሞተ። ሳቢር ተረፈ። ካውሰር ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። አባቷ ስለዚያ ቀን ዳግመኛ ሲያወራ ሰምታ አታውቅም፤ በዓመቱ ተመልሶ መንዳት ጀመረ፣ ያንኑ ወንዝም ስንት ጊዜ ተሻገረ። ስለዚህ ነገሩ ያለፈለት መሰላት። እሱም እንዲመስላት ነው ያደረገው።

ክፍላቸው ታችኛው ፎቅ ላይ ነበር። መስኮቱ ጠባብ ነው፣ የማይከፈት፤ ውሃው ከመስኮቱ ሥር አንድ ስንዝር ቢቀረው ነው። ሳቢር አልጋው ላይ ሲቀመጥ አንድ ዳክዬ በዓይኑ ትክክል ዋኝታ አለፈች። ያን ጊዜ ከአንገቱ በታች ያለው አካሉ ሁሉ ከውሃው በታች መሆኑ ገባው። ግድግዳው ላይ እጁን ሲያሳርፍ ወንዙ ሲንቀጠቀጥ መዳፉ ውስጥ ይሰማዋል። ሁለቱን ሌሊት ጫማውን ሳያወልቅ ጋደም ብሎ አነጋ። ካውሰር ስትጠይቀው «እንቅልፍ በዕድሜ ይቀንሳል» አላት።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የመርከቡ ሠራተኞች የነገውን ፕሮግራም የያዘ ወረቀት አልጋቸው ላይ አስቀመጡ። ካውሰር አነበበችለት። ጠዋት ሜልክ የምትባል ትንሽ ከተማ ይደርሳሉ። ኮረብታው ላይ ትልቅ ጥንታዊ ገዳም አለ፤ ጎብኚዎች ከአስጎብኚ ጋር በአውቶቡስ ይወጣሉ። የፈለገ ሰው ደግሞ በራሱ ወርዶ ከተማውን መዞር ይችላል።

«እኔ በራሴ እወርዳለሁ» አለ ሳቢር፣ ሳትጨርስ።

«ብቻዎን?»

«ጉልበቴ ዳገት አይችልም። አንቺ ገዳሙን እዪ፤ እኔ ከተማውን አያለሁ።»

እውነቱ ሌላ ነበር። ሥሩ የማይንቀሳቀስ መሬት ፈልጓል። ደግሞም ሁለት ቀን ሙሉ ልጁ ፊት ደስ ያለው ሲመስል ሰንብቶ ፊቱ ደክሞታል።

ካውሰር ላይኛው ፎቅ ወዳለው አዳራሽ ወሰደችውና ወረቀት ዘርግታ ካርታ ሠራችለት። መርከቡን ሣለች፣ ከዛፎቹ መሀል የሚያልፈውን የእግር መንገድ፣ ትንሿን ጅረትና ድልድይዋን፣ ከዚያ አደባባዩን።

«መርከቡ የሚነሣው በእኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ነው» አለች። «አንቱ ሦስት ሰዓት ይወርዳሉ፣ ሰባት ሰዓት እዚህ ይሁኑ። አራት ሰዓት ይበቃዎታል?»

«ስድስት ተኩል እመለሳለሁ።»

«አባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ከአስጎብኚው ጋር የሄደውን ሰው መርከቡ ይጠብቀዋል። በራሱ የወጣውን ግን አይጠብቅም። ሰዓቱ ከደረሰ ይሄዳል።»

«ይሄዳል?» ብሎ ደገመላት። ቢሆንም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ሲወርዱ ከእንግዳ መቀበያው የሚሰጥ ካርድ አለ፤ የመርከቡ ስምና ስልክ ተጽፎበታል። እሱን አንገቱ ላይ እንዲያንጠለጥል ነገረችው። የራሷን ትርፍ ስልክ ሰጠችውና ቁጥሯን አንድ ቁልፍ ሲጫን እንዲደውል አድርጋ ሞላችለት።

«መንገድ ቢጠፋዎትስ?»

«አይጠፋኝም። መንገድ ሲመለሱበት ሌላ ነው የሚመስለው። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ዞር ብዬ ወደ ኋላ አየዋለሁ።»

«ሰው ቢያናግርዎትስ?»

«ካርዱን አሳያለሁ።»

«ቢደክምዎትስ?»

«እቀመጣለኋ!»

ካውሰር ሳቀች። «ወደዚህ አገር ስመጣ እንዲህ አድርገው ነበር የጠየቁኝ» አለችው።

ውሃው ቢሞላስ ብላ ግን አልጠየቀችም። እሱም አላነሣውም። ውጭ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ይጥል ነበር።

በማግስቱ ካርዱን አንገቱ ላይ፣ ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ አድርጎ ወረደ። ካውሰር ከአውቶቡሱ መስኮት እጇን አወዛወዘችለት። ሳቢር በዛፎቹ መሀል ሄደ፤ ድልድዩ ላይ ዞር ብሎ አየ፤ ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ ዞር ብሎ አየ። አደባባዩ ላይ አግዳሚ ወንበር አገኘና ሁለት እግሩን ድንጋዩ ላይ አሳርፎ ተቀመጠ። ድንጋዩ ዝም ብሏል። ዳቦ ገዝቶ በላ፣ ልጆች ብስክሌት ሲነዱ አየ። ከዚያ ሁለት ሌሊት የከለከለው እንቅልፍ በተቀመጠበት ወሰደው።

ዝናብ ቀሰቀሰው። ሰዓቱን አየ፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ። አልዘገየም። መታጠፊያዎቹን ሳይስት ተመለሰ፤ ዳቦ ቤቱ፣ ከዚያ ድልድዩ። ድልድዩ ላይ ግን ቆመ። ጠዋት ድንጋይ ለድንጋይ ስትፈስ የነበረችው ጅረት ደፍርሳ እስከ ሣሩ ወጥታለች። ቅርንጫፍ ትገፋለች። የጭቃው ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገባ፤ ሃያ አንድ ዓመት ያልሸተተው ያ ሽታ።

ፈጥኖ ዛፎቹን አለፈ። መርከቡ የለም።

የታሰረበት ብረት አለ፣ መወጣጫው የነበረበት ቦታ አለ፤ መርከቡ የለም። ከፊቱ ሰፊ፣ ቡናማ፣ ግንድ የተሸከመ ውሃ ይሮጣል። እንደገና ሰዓቱን አየ፤ ስድስት ከሩብ። ዘግይቶ ቢሆን ጥሎት ሄደ ይል ነበር። ግን መርከቡ ሊነሣ ገና ሁለት ሰዓት ያህል ይቀረዋል። ሰዓቱ ሳይደርስ የሄደ መርከብ ሄዶ ሳይሆን ተወስዶ ነው፤ ያን ጊዜ ከዚህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለም። ካውሰር ከገዳሙ ተመልሳ ነበር። ታች ክፍል ውስጥ ነበረች። ውሃው ወሰዳት።

ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ሮጠ። «ካውሰር!» እያለ ይጮሃል። ስልክ መያዙን ረስቷል፤ ጉልበቱን ረስቷል። አንድ ነጭ ነገር ዛፍ ሥር ሲሽከረከር አየና እስከ ጉልበቱ ውሃው ውስጥ ገባ። የፕላስቲክ ጀሪካን ነበር። ውሃው ሱሪውን ሲጎትተው ባለበት ተገተረ፤ ወደፊትም ወደኋላም መሄድ አቃተው። እንዲያው ቆሞ ስሟን መጥራት ቀጠለ።

ከኋላው የሆነ ሰው ክንዱን ይዞ ወደ ዳር ጎተተው። የሾፌር ልብስ የለበሰ ወፍራም ሰውዬ ነው። የሚለው አልገባውም። ሰውዬው አንገቱ ላይ ያለውን ካርድ አየና በእጁ ከያዘው ወረቀት ጋር አስተያየው፤ ከዚያ የራሱን ስልክ አውጥቶ ደወለና ሳቢር ጆሮ ላይ አደረገለት።

«አባ! ናጋ? አባ፣ ናጋ?»

የካውሰር ድምፅ ነው፤ ሰላም ነዎት ወይ ማለቷ ነው። ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው። እርጥብ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ።

ቆይቶ ነው የሆነው ነገር የገባው። ላይ አገር በጣለው ዝናብ ወንዙ እየሞላ ስለነበር ካፒቴኑ ድልድይ ሥር ማለፍ ሳያቅተው ቀድሞ ለመነሣት ወሰነ። የገዳሙን ጎብኚዎች አውቶቡሶቹ በየብስ ወደሚቀጥለው ማረፊያ፣ ወደ ክሬምስ ወሰዷቸው። በራሳቸው ለወረዱት ተደወለ። ካውሰር አሥራ አራት ጊዜ ደውላለች፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። እሷም አንዱን የአውቶቡስ ሾፌር ለምና፣ የአባቷንና የመርከቡን ስም ከስልኳ ጋር ጽፋ ሰጥታ ላከችው።

ሾፌሩ ከፊት ወንበር አስቀመጠው። መንገዱ ወንዙን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ሳቢር ውሃውን ላለማየት የሰውዬውን እጅ መሪው ላይ ሲያይ ነበር፤ ኩርባ ከመድረሱ በፊት ማርሽ የሚቀንስ ጥሩ ሾፌር ነው። አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ክሬምስ ደረሱ።

ካውሰር ዝናብ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። እርጥብ ሱሪውን አየች። «ውሃ ውስጥ ገብተው ነበር?»

«እዚያ ውስጥ ያለሽ መስሎኝ ነው።»

አቅፋው አለቀሰች፤ ካርታውንም ስልኩንም ሁሉን ነገር አስተካክያለሁ ብላ እንደነበር እየተናገረች ራሷን ወቀሰች። ያን ጊዜ ሳቢር ለማንም ያልተናገረውን ነገራት። ዱጋሳን ውሃው ከጋቢናው ወሰደው የተባለው ልክ አልነበረም። ሁለቱም ጭነቱ ላይ ወጥተው ነበር። ዱጋሳ ተንሸራተተ፤ ሳቢር እጁን ያዘው። ረጅም ጊዜ ይዞት ቆየ። ከዚያ መኪናዋ መገልበጥ ስትጀምር ፈራ፤ ሁለታችንም መሄዳችን ነው ብሎ ፈራ።

«ለቀቅሁት፣ ካውሰር። አላመለጠኝም፤ ለቀቅሁት።»

ካውሰር እርጥብ እጁን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ «ከዚህ ወደ ቪየና ባቡር አለ» አለች። «ወደ መርከቡ አይመለሱም። ሻንጣዎቹን እኔ አመጣለሁ።»

መርከቡ ክሬምስ ደርሶ ታስሮ ነበር፤ ለሻንጣ የገባችው ሩብ ሰዓት አይሆንም። ሳቢር ግን ዳር ቆሞ ገመዶቹን አንድ በአንድ ሲቆጥር፣ መርከቡ ትንሽ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንደገና ከአንድ ሲጀምር፣ ዕድሜውን የጨረሰ መሰለው። ሁለቱን ሻንጣ ጎትታ ስትወጣ እየሮጠ ሄዶ ተቀበላት።

ባቡሩ ውስጥ «ጠጂቱ ታውቃለች?» ስትል ጠየቀችው። ጠጂቱ የዱጋሳ ሚስት ናት። ሳቢር ራሱን ወዘወዘ።

ነጌሌ የተመለሰው ነሐሴ ላይ ነው። ሦስት ቀን በጠጂቱ በር አለፈ፤ ሦስቱንም ቀን ሳይገባ ተመለሰ። ዳኑብ ዳር ከቆመበት ይልቅ ያ በር እንዳስፈራው ነው የነገረኝ። በአራተኛው ቀን አንኳኳ። «አካም፣ ሳቢር» ብላ ሰላም አለችውና ወንበር ሰጠችው። ቁጭ ሳይል ሁሉን ነገራት።

ጠጂቱ አልጮኸችም። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ስትጠቀልል፣ ስትፈታ ቆየች።

«ውሃው ይቀዘቅዝ ነበር?» አለችው በመጨረሻ።

«አይቀዘቅዝም ነበር። ሞቅ ያለ ጭቃ ነው።»

«ዛሬ ሂድልኝ» አለች። «ፊትህን ማየት አልቻልኩም። ነገ ግን ተመለስና ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ፤ ከነጌሌ ከወጣችሁበት ሰዓት ጀምረህ።»

ሳቢር በማግስቱ ሄደ።