አራስ ጥየቃ፣ ከአምቦ እስከ ቱሉ ጉዶ

ቅዳሜ ማለዳ፣ አምቦ

ገና ጎሕ ሲቀድ መናኸሪያ ደርሰናል። ጎረቤቴ ጫልቱ የገንፎ ገብስ ዱቄት በከረጢት አቅፋለች፤ እኔ ቅቤውን ይዣለሁ። ልጇ ለሊሴ ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ቱሉ ጉዶ በምትባል ደሴት ላይ ዓሣ አስጋሪ አግብታ፣ እነሆ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ለጫልቱ የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ነው። ችግሩ፣ ጫልቱ ውሃ ትፈራለች። የጉደርን ወንዝ እንኳ በድልድይ ስትሻገር ዓይኗን ትጨፍናለች።

"አኮ፣ ከረጢቱን ጣራ ላይ ልጫነው?" አላት ረዳቱ፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለቱ ነው።

"ራስህ ጣራ ላይ ውጣ!"

መኪናው በሙሉ ሳቀ። ጊንጪ ላይ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ በመስኮት ገዝተን፣ እየተቃጠልን አዲስ አበባ ገባን።

ማታ፣ ዝዋይ

ከሰዓት በኋላ ሐይቁን ንፋስ ይንጠዋል አሉንና እዚሁ እናድራለን። እራት የተጠበሰ ቆሮሶ ነው። ጫልቱ እሾኽ ስትለቅም ዓሣው በረደ።

እሁድ ጠዋት፣ ሐይቁ ዳር

ውሃው ረግቷል። የለሊሴ ባል ታደሰ በሞተር ጀልባ ሊወስደን መጥቷል። ጫልቱ አሸዋው ላይ ቁጭ!

"ልጄን እዚህ አምጡልኝ።"

"እማዬ፣ አራስ እኮ ናት። ሕፃኑ ሳይጠመቅ ከቤት አትወጣም" አላት ታደሰ።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። "እንግዲያ ዱቄቱን አድርሱላት።"

"ገንፎውንስ ማን ያገነፋላታል?"

"እኔ አለሁ!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ጫልቱ ቀና ብላ አየችኝ። "አንቺ? ያን ጓጓላ ገንፎሽን ለልጄ? እንኳን አራስ ጅብም አይውጠው!"

ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና፣ "በይ ጠጋ በይ!" ብላ ገባች። እስክንደርስ የቆነጠጠችው ክንዴ ጠቁሯል።

ደሴቱ ላይ

ሞተሩ ሲጠፋ ጸጥ አለ። መኪና የለ፣ ጡሩምባ የለ። አሸዋው ላይ መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌዎች፣ የዓሣ አንጀት የሚጠብቁ ትልልቅ ነጫጭ ወፎች፣ ከዚያ ወዲያ ዳገት። ጫልቱ ዳገቱን እንደ ልጃገረድ ወጣችው።

"እማዬ? በውሃ መጣሽ?" አለች ለሊሴ ከውስጥ።

"በምን ልምጣ ታዲያ፣ በአውቶብስ?"

ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። ገንፎው እውነትም ልስልስ ያለ ሆነ። የመንደሩ ሴቶች ከበው በሉ፣ እልል አሉ።

ማክሰኞ

ለመመለስ ዳሩ ድረስ ወረድን። ጫልቱ ጀልባው ውስጥ አልገባም አለች።

"ደግሞ ፈራሽ?"

"ምን ያስፈራኛል? ውሃ ነው! ይህን ልጅ ለማን ጥዬ ልሂድ? እስኪጠመቅ እቆያለሁ። ሂጂ ዶሮዎቼን አብይልኝ።"

ብቻዬን ተሳፈርኩ። አምቦ ስገባ መሽቷል። ዶሮዎቿ ግን ገና አልሰፈሩም፤ በሩ ላይ ቆመው ከኋላዬ ማን እንደሚመጣ ያያሉ።