ስለ እናቲቱ ዝግባ አፉ አልልም

ባለቤቴ መምህር ይመር ወደ አኼራ ሄደዋል። ላልሰማችሁ ወዳጆቻቸውና ላስተማሯችሁ ሁሉ ይህን የምጽፈው እኔ ባለቤታቸው ዘይነባ ነኝ።

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የዝግባ ፍሬ መፈልፈል ነበር። በረንዳ ላይ ተቀምጠን እሳቸው ጠንካራውን ሽፋን በትንሽ መዶሻ ቀስ አድርገው ይሰነጥቃሉ፤ እኔ ውስጡን አውጥቼ እርጥብ አሸዋ ውስጥ እቀብራለሁ። መዶሻውን ተቀብዬ ብሞክር አንዱን ጨፈለቅሁት። «ዘይነባ፣ ጠላትሽ እኮ አይደለም!» ብለው ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው።

ጠላቴማ ሌላ ነው።

ከኮምቦልቻ በላይ ባለው ደን ውስጥ ፍሬ የምትሰጥ አንዲት ትልቅ ዝግባ ቀርታ ነበር። ዝግባ ወንድና ሴት አለው፤ የሚያፈራው ሴቲቱ ብቻ ናት። መምህር ይመር የባዮሎጂ ተማሪዎቻቸውን በየዓመቱ ይዘው ይወጡና ግንዷን በእጃቸው ያስነኳቸው ነበር። «እናታችሁን ሰላም በሉ» ይሏቸዋል። ከፍሬዋ ያፈሉትን ችግኝ ለመስጊዱም ለቤተ ክርስቲያኑም ራሳቸው ተሸክመው ያደርሱ ነበር። ልጅ የሞተበት ቤትም አንድ ችግኝ ሳይዙ ለቅሶ አይደርሱም።

ያን ግንድ ከነኩት ተማሪዎች አንዱ ዛሬ የሰፈራችን እንጨት ነጋዴ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ከባለቤቴ ስም ጋር በአንድ ወረቀት ላይ እንዲያርፍ አልፈቅድም። የእናቲቱን ቅርፊት ዙሪያውን ልጦ አደረቃት፤ ከዚያ «የደረቀ እንጨት ነው» ብሎ ቆርጦ ወሰዳት። የግቢውን በር አሠራባት። መምህር ይመር ሄደው በሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ጋሼ፣ ራሷ የሞተች እኮ ናት» አላቸው።

«ራሱ የሞተማ በክት ነው፤ ማን ይነካዋል? አንተ ግን አርደሃታል» አሉት።

ከዚያ በኋላ ዝናብ ብርድ ሳይሉ እየወጡ ከጉቶዋ ዙሪያ የወደቀ ፍሬ ሲለቅሙ ከረሙ። ሳሉ የጀመራቸው ያኔ ነው። ሲብስባቸው ወደ ደሴ ይዣቸው ወጣሁ። ሐኪሙ «ሳንባቸው ነው» አለኝ። እኔ መጥረቢያው ነው እላለሁ።

ሰውየው ለቅሶ መጣ። የቀብር ማኅበራችን የቅሬያችን አባል ነውና ጀናዛውንም ተሸክሟል፤ ያን ትከሻ አልረሳውም። ድንኳን ውስጥ ጎንበስ ብሎ «እትዬ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥዎ። አፉ ይበሉኝ» አለኝ።

«በይ እንጂ ዘይነባ፣ ሬሳ በወጣበት ቤት ቂም አይያዝም» አሉኝ ሽማግሌዎቹ።

«ከፍሬዋ አብቅዬ በርህን የሚያህል በር የሚወጣው ግንድ ሳሳይህ፣ ያን ጊዜ አፉ እልሃለሁ» አልኩት። ዝግባ ለማደግ ስንት ዘመን እንደሚፈጅ ያውቃል፤ ያስተማሩት ባለቤቴ ናቸው። ፊቱ ሲጠቁር አየሁ። ደስ አለኝ።

መምህር፣ እርስዎ ቢሆኑ አፉ ብለውት፣ ሻይም አጠጥተው ይሸኙት ነበር። እኔ አልቻልኩም፤ አልሞከርኩምም። የጀነት ጥላ አይጥፋዎት፤ በሰላም ይረፉ። የጨፈለቅሁት አንዱ ቀረ እንጂ ከአሸዋው ውስጥ ብዙዎቹ በቅለዋል። ባል የሞተባት ቤት የምትቀመጥበትን ዒዳዬን ጨርሼ ከቤት የወጣሁ ዕለት ጠንከር ያሉትን መርጬ ከዚያ በር ፊት ለፊት መንገድ ዳር ተከልኳቸው፤ በእሾህም አጠርኳቸው። ጠዋት ጠዋት ጀሪካን ይዤ እሄዳለሁ። እሱ በሩን ሲከፍት እኔ ውሃ አጠጣለሁ።